መድኃኒቱ ለማን ነው?

  

አንባቢ ሆይ! በዚህ ምዕራፍ የምንጠይቅህ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ልጅህ ሲቅበጠበጥ፣ ሲጮኽ፣ የታዘዘውን እንቢ ሲል፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከመድኃኒት ቤት ገዝተህ የምታጠጣው ሽሮፕ ወይም የምታስውጠው ክኒን የሚያሽረው ማንን ነው? ልጁን ነውን? ወይስ አንተን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ስለ ተሰጠው አማና በሚጠየቅበት ቀን ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች የሚቆጠር ነው።

ዐረብኛው ምሳሌውን የሚያመጣው ከካይሮ ገበያ ነው። ተርጓሚው ግን አንባቢው የሚያውቀውን አገር እያየ እንዲያስብ ብሎ ወደ ማንኩሳ አዛውሮታል። እንግዲህ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለችው በማንኩሳ የሚኖር አንድ የበርበሬ ነጋዴ እናስብ። ይህ ሰው ለፈጅር ተነሥቶ ይሰግዳል፤ ዘካውን በጊዜው ያወጣል፤ ሚዛኑም ቀጥ ያለ ነው። በቡሬ ገበያ አንድ ኬሻ በርበሬ ሲቀርብለት አፉን ብቻ አይቶ አይገዛም። እጁን እስከ ክንዱ ያስገባል፤ ከሥሩ ይዘግናል፤ ዛላውን ሰብሮ ያሸተዋል፤ ክብደት እንዲጨምር ውኃ ተረጭቶበት እንደ ሆነ በጣቱ ዳስሶ ያውቀዋል። ስለዚህም በንግዱ ማንም አያታልለውም።

ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ጧት ሲወጣ ገና አልነቁም። ሚስቱ ቀኑን በሱቅ፣ ምሽቱን በጓዳ ታሳልፋለች። የስምንት ዓመቱ ወንድ ልጅ በእናቱ ስልክ ላይ ዓይኑን ተክሎ ያመሻል፤ ስልኩን ሲነጥቁት ይጮኻል፤ እኅቱን ይመታል። በቁርኣን ቤትም አንድ ገጽ እስኪቀራ ድረስ አይቀመጥም። በመጨረሻ ሼኹ «ይህ ልጅ አንድ ነገር አለበት» ብለው መልእክት ይልካሉ። በዚያን ሰዓት አባትየው የጭነት መኪና እየጠበቀ ነው። መኪናው እስኪደርስ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «የሚያረጋጋ ነገር ስጠኝ» ይላል፤ ሻጩም ለአለርጂና ለጉንፋን የተሠራ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ሽሮፕ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሰጠዋል። ልጁ በዚያች ሌሊት ተኛ። ቤቱም ጸጥ አለ። አባትየው «አልሐምዱ ሊላህ፣ ልጄ ተሻለው» አለ።

ተሻለውን? ልጁ ምን እንደ ሆነ የጠየቀው ሰው የለም። እስከ ኬሻው ሥር የገባው እጅ ወደ ልጁ ልብ አንድ ጣት እንኳ አላስገባም። ሽሮፑ ያሻለው ነገር ቢኖር የቤቱን ጩኸት ነው፤ ጩኸቱ ደግሞ የአባትየው ችግር እንጂ የልጁ በሽታ አልነበረም። የልጁ በሽታ፣ በሽታ ከሆነ፣ ከእንቅልፉ ጋር አብሮ አድሮ ከእንቅልፉ ጋር አብሮ ይነሣል። ይህም ሽሮፕ ቀልድ አይደለም። ከዚህ ዓይነቶቹ አንዱ ፕሮሜታዚን የሚባለው ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. ትንፋሽን አድክሞ ሊገድል ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን እንዳይሰጥ የሚል ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፋብሪካ በተስፋፋበት በ19ኛው መቶ ዓመት፣ እናቶች ወደ ሥራ ሲሄዱ ሕፃናቱ እንዳያለቅሱ ኦፒየም የተቀላቀለበት ጣፋጭ ሽሮፕ ይሰጧቸው ነበር። በአሜሪካም ከ1849 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የሚስስ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» የሚባል፣ ሞርፊን ያለበት መድኃኒት ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በማሸጊያው ላይ ተገልጦ እንዲጻፍ ሕግ የወጣው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ተኝተው በዚያው የቀሩ ሕፃናት ጥቂቶች አይደሉም። አስተውል! እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን የሚጠሉ አልነበሩም። የደከሙ ነበሩ።

የዛሬው መድኃኒት ከዚያ የተለየ መሆኑን ግን በእውነት መናገር ይገባል። በ1937 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ብራድሌይ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሮድ አይላንድ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ለ30 ልጆች ቤንዘድሪን የተባለውን መድኃኒት ሰጥቶ ግማሽ ያህሉ በትምህርታቸው መሻሻላቸውን ጻፈ። በ1944 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ ኬሚስት በስዊስ አገር ሜቲልፌኒዴት የተባለውን ሠራ፤ በሚስቱም የቁልምጫ ስም ሪታሊን ተባለ። ዛሬ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሕመም ለሚባለው የሚታዘዙት ይህና ይህን የመሰሉት ናቸው። ሕመሙ በእርግጥ ላለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ይጠቅማሉ፤ ይህን የሚክድ ሰው ዕውቀትን ይክዳል። ሆኖም በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ከ3 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ውስጥ ከመቶ 11 የሚበልጡት፣ ማለት 7 ሚሊዮን ያህሉ፣ ይህ የሕመም ስም በአንድ ወቅት እንደ ተሰጣቸው ወላጆቻቸው ተናግረዋል።

ይህ ሁሉ ልጅ ታማሚ ነውን? ስለዚህ ነገር አንድ ምርመራ ብቻ እንጥቀስ። በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ900 ሺህ የሚበልጡ ልጆችን መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንት ውጤታቸውን በ2012 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። በዚያ አገር በአንድ ዓመት ከጃንዩወሪ እስከ ዲሴምበር የተወለዱት ሁሉ በአንድ ክፍል ይገባሉ፤ እንግዲህ በዲሴምበር የተወለደው በጃንዩወሪ ከተወለደው ጓደኛው ዓመት ሊሞላ ጥቂት በጎደለው ጊዜ ያንሳል። በዲሴምበር የተወለዱት ወንዶች ልጆች ይህ ሕመም አለባችሁ የመባላቸው ነገር ከጃንዩወሪዎቹ በ30 ከመቶ፣ መድኃኒት የመታዘዝላቸው ነገር በ41 ከመቶ በልጦ ተገኘ። በዲሴምበር መወለድ በሽታ ነውን? ልጆቹ ከታላላቆቻቸው እኩል ለመቀመጥ ያልደረሱ ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ልጅነታቸው እንደ በሽታ ተቆጠረባቸው። በዋሽንግተንና በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ወገኖቻችንም፣ አባት ሌሊት መኪና ሲነዳ እናት ሽማግሌዎችን ስትጠብቅ የሚያድሩ ናቸውና፣ ከትምህርት ቤት ስልክ ሲደወልላቸው ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። የዚያው አገር የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ራሱ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጆች ከመድኃኒት በፊት ወላጆቹ ልጃቸውን የሚይዙበትን መንገድ እንዲማሩ ይመክራል። የዘመኑ ሐኪሞች የመጀመሪያውን ማዘዣ የጻፉት ለአባትና ለእናት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አባት በልጁ ላይ ሥልጣን አለው፤ ይህ ሥልጣን ግን ምን ዓይነት ሥልጣን ነው? ነጋዴ ሆይ! አንተ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቃለህ። የሞተ ወንድምህ የየቲም ገንዘብ በእጅህ ቢተው ምን ታደርጋለህ? ገንዘቡን ትጠብቃለህ፤ ለየቲሙ ትርፍ በሚያመጣ ነገር ታውለዋለህ። ነገር ግን ለራስህ ሱቅ ዕዳ መክፈያ አንድ ብር አታነሣበትም፤ በሱረቱ ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ በግፍ ስለሚበሉ ሰዎች የወረደውን ዛቻ ሰምተሃልና። ሊቃውንትም የሞግዚት ሥራ ሁሉ በሚጠበቀው ሰው ጥቅም የታሰረ ነው ብለው ደንግገዋል። እንግዲህ የልጅ ሰውነት ከየቲም ገንዘብ ያነሰ አማና ነውን? በልጅህ ደም ውስጥ የምታስገባውን መድኃኒት ለልጅህ ጥቅም ብለህ ከሰጠኸው በሥልጣንህ ሠራህ። ለራስህ ዕረፍት፣ ለሱቅህ ጊዜ፣ ከጎረቤት ሐሜት ለመዳን ብለህ ከሰጠኸው ግን ከየቲሙ ከረጢት ለራስህ ወስደሃል። ሽሮፑ አንድ ነው፤ ጠርሙሱም አንድ ነው፤ የሚለየው ኒያው ነው።

ስለ ማንኩሳ ከተነሣ አይቀር፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለውን የማንኩሳውን ልጅ የበዛብህን ነገር ብዙ ሰው ያውቃል። ወላጆቹ በሕፃንነቱ እንዳይሞትባቸው ፈርተው በስለት የሰጡት ልጅ ነው። መጽሐፉ የክርስቲያኖችን ኑሮ የሚተርክ ቢሆንም ነገሩ ለሁላችንም ይሠራል፤ ፍርሃቱ የወላጆቹ ነበር፣ ዕዳው ግን የልጁ ሆነ።

ምናልባት «ለማን ብዬ ነው የምለፋው? ሌሊትና ቀን በመንገድ የምንከራተተው ለነርሱ አይደለምን?» ትል ይሆናል። እውነት ነው። ለቤተ ሰብ የሚወጣ ገንዘብ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከፍ ያለ ዋጋ እንዳለው በሐዲስ ተነግሯል። ነገር ግን ልጅን በገንዘብ የሚያሳድግ ሰው ግማሹን ዕዳ ነው የከፈለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዱ ሰው እረኛ መሆኑንና ስለ መንጋው እንደሚጠየቅ ሲያስተምሩ የቤቱን አባት በስሙ ጠርተውታል፤ እረኛ ደግሞ ገብስ ልኮ በሩቅ የሚቀመጥ ሰው አይደለም።

የእርሳቸውንም አኗኗር ተመልከት። አቡ ዑመይር የሚባል ትንሽ ልጅ የሚጫወትባት ወፍ ነበረችው፤ ወፊቱም ሞተችበት። ነቢዩ ልጁን አዝኖ ባዩት ጊዜ በቀልድ ቃል ስለ ወፏ ጠየቁት። ከየነገዱ መልእክተኛ የሚጎርፍላቸው ሰው አንድ ልጅ ፊቱ መጥቆሩን አዩ፤ ምክንያቱንም አወቁ። የልጅ ልጃቸውንም ሲስሙ ያየ አል-አቅረዕ የተባለ የነገድ አለቃ ዐሥር ልጆች ሳሉት አንዱን እንኳ ስሞ እንደማያውቅ ነገራቸው። እርሳቸውም የማያዝን ሰው እንደማይታዘንለት መለሱለት። እንዲሁም በስግደት ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው በጀርባቸው ላይ ወጣ፤ ሱጁዱንም እጅግ አስረዘሙት። ሰዎቹ አንድ ነገር የደረሰ መስሏቸው በኋላ ቢጠይቁ፣ ልጁ የፈለገውን እስኪጨርስ ድረስ ሊያቻኩሉት እንዳልወደዱ ነገሩአቸው። ሕፃኑ በሶላት መካከል ሲቅበጠበጥ ያገኘው መልስ ይህ ነበር።

የቀደሙት ሊቃውንትም ይህን መንገድ ይዘዋል። በ428 ዓመተ ሂጅራ የሞተው ኢብን ሲና ስለ ሕክምና በጻፈው «አል-ቃኑን» ስለ ልጅ አያያዝ ሲናገር፣ ልጁ ከብርቱ ቁጣ፣ ከፍርሃት፣ ከኀዘንና ከእንቅልፍ ማጣት እንዲጠበቅ፣ የሚወደውና የሚጠላው ነገርም ሁልጊዜ እንዲታይለት ያዛል፤ ይህም ለጠባዩም ለሰውነቱም ጤና ነው ይላል። ይህን የጻፈው ስለ መድኃኒት ቅመም ብዙ ምዕራፍ የጻፈ ሰው ነው። በ505 የሞተው ገዛሊም ልጅ ከቁርኣን ቤት ሲመለስ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት እንዲፈቀድለት ያስተምራል፤ ጨዋታን መከልከልና ያለ ዕረፍት በትምህርት ማስጨነቅ ልቡን ይገድለዋል ብሎ አስጠንቅቋል። እንግዲህ ከጧት ጀምሮ በትምህርት ቤት ወንበር፣ ከሰዓት በኋላ በቁርኣን ቤት ምንጣፍ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ማታ «ለምን ትቅበጠበጣለህ?» የሚለው አባት፣ ያ ልጅ ከኳስ ጋር የሮጠበትን ሰዓት ያስላ።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ የጎጃም ልጆች የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፤ መንገድ ሲዘጋ አይተዋል፤ ብዙዎቹም ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶባቸዋል። የልጅ ፍርሃት ሁልጊዜ በልቅሶ አይገለጥም። አንዳንዱ ልጅ ዝም ይላል። አንዳንዱ በር በኃይል ሲዘጋ ዘሎ ይነሣል፤ ፍራሹን ያረጥባል፤ ታናሹን ይደበድባል፤ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ያቅተዋል። ሰው ይህን ሲያይ «ባለገ» ይላል፤ ወይም ደግሞ ቶሎ የበሽታ ስም ያወጣለታል። ያ ልጅ ግን ያየውን የሚናገርበት ቋንቋ አላገኘም፤ ስለዚህ በእጁና በእግሩ ይናገራል። በሽሮፕ ስታስተኛው የምታስተኛው ምስክሩን ነው። ከርሱ ጋር ተቀምጠህ «ያን ሌሊት ምን ሰማህ?» ብትለው፣ «እኔም ፈርቼ ነበር» ብትለው፣ ይህ ከማንም መድኃኒት ቤት የማይገዛ ነገር ነው። አባት ፈርቼ ነበር ማለት ነውር ይመስለዋል። ነውር አይደለም።

ስለ እናቶችም አንድ ቃል መናገር ይገባናል። ጠርሙሱን ከፍታ ሽሮፑን በማንኪያ የምትሰጠው ብዙ ጊዜ እናት ናት፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ እርስዋ ይፈርዳል። ሦስት ሌሊት ያልተኛች ሴት፣ በጀርባዋ አንድ ሕፃን አዝላ ሌላውን እያባረረች፣ ባልዋ በሌለበት ቤት ያደረገችውን ነገር እኛ በምንጣፍ ላይ ተቀምጠን አንፈርድባትም። የጥያቄው ባለቤት ብቻዋን የተዋት ሰው ነው። እርስዋ ብታርፍ ልጁም ይጠቀማል፤ ነገር ግን የእርስዋ ዕረፍት መምጣት ያለበት ከጠርሙስ ሳይሆን ከባልዋ ትከሻ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው ገደል እንዳይወድቅ እንሰጋለን። «ልጄ መድኃኒት አያሻውም፣ ዱዓ ይበቃዋል» ብሎ የታመመውን ልጅ በጓዳ የሚደብቅ ሰው ከመጀመሪያው የተሻለ አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ጂን ነው እያሉ ዓመት ሙሉ ማቆየት፣ ፌኖባርቢታልን የመሰለ ርካሽ መድኃኒት መጣሉን ሊከለክልለት ሲችል በእሳት አጠገብ እንዲወድቅ መተው፣ ይህም አማናን ማጉደል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ ቁርኣን መቅራትም ሐኪም ቤት መሄድን አይከለክልም። ሱልጣን ቀላውን በ683 ዓመተ ሂጅራ በካይሮ ባሠራው ታላቅ ሆስፒታል አእምሯቸው ለታመመ ሰዎች የተለየ ክፍል ነበረ፤ ይህን ያደረጉት ከኛ ይልቅ ቁርኣን የሚቀሩ ሰዎች ነበሩ። በአገራችንም ዘሚ የኑስ የተባለችው እናት፣ ልጅዋ ኦቲዝም ያለበት ሆኖ ሳለ ትምህርት ቤቶች እንዳልተቀበሉት አይታ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን አቋቋመች። ልጅዋ «ባለጌ» አልነበረም፤ የሚያስፈልገውም እንቅልፍ የሚያስወስድ ነገር አልነበረም። ይህን ያወቀችው ልጅዋን ስለ ተመለከተች ነው። ሕመምን ከብልግና፣ ብልግናንም ከኀዘን የሚለየው መመልከት ነው፤ ለመመልከት ደግሞ ቤት መገኘት ያስፈልጋል።

ሕክምና የማያውቅ ሰው አክሞ ቢጎዳ ዋስ ከፋይ መሆኑን ሐዲስ ይናገራል። ልጁን በግምት የሚያክም አባትም ከዚህ የሚያመልጥ አይመስለንም። ስለዚህ የማንኩሳው ነጋዴያችን ሽሮፑን በመደርደሪያው ላይ ትቶ ልጁን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ቢወስደው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሚስቱ ወይም ከታላቅ ልጁ ጋር አይላከው፣ ራሱ ይሂድ። ሐኪሙ ክኒን ከማዘዙ በፊት ይጠይቀዋልና። ልጁ ማታ በስንት ሰዓት ይተኛል? በእንቅልፉ ይጮኻልን? ይህ ጠባይ የጀመረው መቼ ነው? ከዚያ በፊት በቤት ምን ሆኖ ነበር? የሚወደው ጓደኛ ማነው? የሚያስፈራው ምንድር ነው? ነጋዴው የዚያን ዕለት የበርበሬ ዋጋ በቡሬም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በአዲስ አበባ መርካቶም ያውቃል። ለሐኪሙ ጥያቄዎች ግን መልስ የለውም። አብሮት ወደ መጣው፣ አጠገቡ በአግዳሚው ወንበር ላይ እግሩን እያወዛወዘ ወደ ተቀመጠው ልጅ ፊቱን ይመልሳል፤ «ልጄ፣ ምን ያስፈራሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁም ለአንድ አፍታ አባቱን አይቶ መናገር ይጀምራል።